ለቤት ኤስፕሬሶ የሚሆን ቡና መፍጫ እንዴት ይመረጣል?

በቤቱ ኤስፕሬሶ ለማፍላት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡንም ሐሳቡንም የሚያውለው በማሽኑ ላይ ነው። መፍጫው በመጨረሻ፣ በተረፈው ገንዘብ፣ ቡና እስከፈጨ ድረስ ልዩነት የለውም ተብሎ ይገዛል። እኔ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። መካከለኛ ማሽን ከጥሩ መፍጫ ጋር ሲገናኝ በየቀኑ ጥሩ ኤስፕሬሶ ይሰጣል፤ ምርጥ ማሽን ከማይሆን መፍጫ ጋር ሲገናኝ ግን ባለቤቱን ሲያደክም ይኖራል። ቀጥሎ የቀረበው መፍጫ ለመግዛት ሲነሡ ምን ምን መጠየቅ እንዳለብዎ፣ የትኛውን ጥያቄ ማስቀደምና የትኛውን ማቆየት እንደሚገባ የሚያስረዳ ነው።

መፍጫው ለምን ይቀድማል

ኤስፕሬሶ ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሞቀ ውሃ በ9 ባር ገደማ ግፊት በተጠቀጠቀ ቡና ውስጥ ተገፍቶ ሲያልፍ የሚገኝ መጠጥ ነው። ብዙዎች መነሻ የሚያደርጉት ልክ 18 ግራም የተፈጨ ቡና ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ 36 ግራም የሚመዝን መጠጥ እንዲሰጥ ነው። ማሽኑ ውሃውን ያሞቃል፣ ይገፋዋልም፤ ውሃው በቡናው ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚወስነው ግን ቡናው የተፈጨበት ልክ ነው። ቡናው ሸርከት ካለ ውሃው የሚይዘው አጥቶ በ10 ሰከንድ ውስጥ ይወርዳል፤ ስኒው ውስጥ የሚገኘውም ቀጭንና ኮምጣጣ ነው። ከልክ በላይ ከላመ ደግሞ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል ወይም ጭራሹን ይቆማል፤ የሚወጣውም ምላስ የሚያደርቅ መራራ ይሆናል። እንዲያውም ግፊቱ ራሱ የሚፈጠረው ቡናው ውሃውን ሲቋቋም ነው፤ ሽርክት ቡና ያለበት ማሽን ፓምፑ የቱንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን የግፊት መለኪያው 9 ላይ አይደርስም።

ቡና በወረቀት ማጣሪያ ሲንጠባጠብ ወይም በውሃ ተዘፍዝፎ ሲወጣ ጊዜው በደቂቃዎች ስለሚቆጠር ትንሽ የአፈጫጨት ስህተት ብዙም ሳይታወቅ ያልፋል። በኤስፕሬሶ ግን ሁሉም ነገር የሚያልቀው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ነው። የልዩነቱን ጥቃቅንነት በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ለኤስፕሬሶ በተፈጨ ቡና ውስጥ የትላልቆቹ ቅንጣቶች ስፋት ባብዛኛው ከ200 እስከ 400 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ውሃ በተጠቀጠቀ ዱቄት ውስጥ የሚያልፍበት ፍጥነት ደግሞ ከቅንጣቶቹ ስፋት ካሬ ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮም ይወርዳል። ስለዚህ አማካይ ስፋቱ ከ300 ወደ 270 ማይክሮን ቢወርድ፣ ማለትም በ10 በመቶ ቢቀንስ፣ ፍጥነቱ በ19 በመቶ ይቀንሳል፤ በ25 ሰከንድ ይወርድ የነበረው መጠጥ ወደ 31 ሰከንድ ይሻገራል። ይህ ለግምት ያህል የተሠራ ስሌት ነው፤ በተግባር ቡናው በደቀቀ ቁጥር ብናኙ ስለሚበዛና ብናኙም የውሃውን መተላለፊያ ስለሚደፍን የጊዜው ለውጥ ከዚህም ሊብስ ይችላል። ይህን ሁሉ ያመጣው 30 ማይክሮን ከተለመደው የሰው ፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው።

መፍጫ ፍለጋ ከመውጣትዎ በፊት ግን የማሽንዎን ወንፊት፣ ማለትም የተፈጨው ቡና የሚጠቀጠቅበትን ዕቃ፣ አውጥተው ሥሩን ይመልከቱ። በውስጥ በኩል ብዙ ቀዳዳዎች እየታዩ በውጭ በኩል አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ካለች፣ ወንፊቱ ባለ ሁለት ግድግዳ ነው። ይህ ዓይነቱ ወንፊት ግፊቱን የሚያገኘው ከዚያች ቀዳዳ ጥበት እንጂ ከቡናው ስላልሆነ፣ በደህና የተፈጨን ማንኛውንም ቡና ይቀበላል፤ ከላይ የሚታየው አረፋም እውነተኛ ክሬማ (ኤስፕሬሶ በራሱ ግፊት የሚያወጣው አረፋ) ሳይሆን በቀዳዳዋ ተገፍቶ ሲወጣ የተመታ ነው። በእንዲህ ያለው ወንፊት ለመቀጠል ካሰቡ ውድ መፍጫ መግዛት አያስፈልግዎትም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመለከተው ባለ ነጠላ ግድግዳ ወንፊት ያለውን ወይም ወደዚያ ለመሸጋገር የሚፈልገውን ሰው ነው።

በሚሽከረከር ምላጭ የሚቆራርጠው መፍጫም ከምርጫው አስቀድሞ ይወጣል። ቡናውን በሁለት ጥርሶች (በሚፈጩ ባለ ስለት ብረቶች) መካከል አሳልፎ ስለማይፈጨው፣ ከሥር ያለው ዱቄት ሲሆን ከላይ ያለው ገና ሽርክት ነው፤ የሥራውን ጊዜ ከማስረዘምና ከማሳጠር በቀር የሚስተካከል ነገር የለውም።

በሚሮጠውና በሚዘጋው መካከል ስንት ማረፊያ አለ?

ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት «ይህ መፍጫ ለኤስፕሬሶ የሚበቃ አድርጎ ያደቅቃል?» ብለው ነው። ይህ ጥያቄ አይበቃም፤ ማሽኑን እስኪዘጋ ድረስ ቡናን የሚያደቅቅ መፍጫ ሞልቷልና። መጠየቅ ያለበት፣ ውሃው ከሚሮጥበት ልክ እስከሚዘጋበት ልክ ድረስ በመፍጫው ማስተካከያ ላይ ስንት ማረፊያ እንዳለ ነው። አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆነ መፍጫው ለኤስፕሬሶ የተሠራ አይደለም። ስምንት ወይም አሥር ከሆነ ማንኛውንም ቡና ወደሚፈለገው ልክ ማምጣት ይቻላል።

እኔ በመጀመሪያ የገዛሁት መፍጫ 18 ማረፊያዎች ወይም እርከኖች ነበሩት። ማሸጊያው ላይ ለኤስፕሬሶ እንደሚሆን ተጽፎ ነበር፤ ሻጩም እንደዚያው አረጋግጦልኛል። በአራተኛው እርከን ላይ 36 ግራሙ በ14 ሰከንድ ወርዶ ያልቃል። ወደ ሦስተኛው ሳወርደው ግን 40 ሰከንድ አልፎም ስኒው ውስጥ የተጠራቀመው ከ10 ግራም አይበልጥም ነበር። በሁለቱ መካከል ምንም አልነበረም። ለወራት ያህል ጉድለቱን በሌላ መንገድ ለመሙላት ሞከርሁ። በአራተኛው እርከን ላይ ሆኜ የቡናውን መጠን ከ18 ወደ 20 ግራም አሳደግሁ፤ መጠቅጠቂያውን በሙሉ ክብደቴ ተጫንሁት። አንድ ቀን ይሳካል፤ አዲስ የቡና ከረጢት በተከፈተ ማግስት ደግሞ የተደረሰበት ሁሉ ይፈርሳል። ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ለጥገና እስከ መውሰድ ደርሼ ነበር። በመጨረሻ አንድ ወዳጄ የእጅ መፍጫውን ይዞ መጣ፤ በዚያው ማሽንና በዚያው ቡና በሦስተኛው ሙከራ 27 ሰከንድ ላይ አረፍን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ መፍጫ የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ ስለ እርከኖቹ ሳልነግረው አላሰናብትም።

ማስተካከያው በሁለት ዓይነት ይሠራል። አንደኛው ባለ እርከን ሲሆን ቀለበቱ በተዞረ ቁጥር ቀጭ እያለ በተወሰነ ቦታ ላይ ብቻ ይቆማል። ሁለተኛው እርከን የሌለው ነው፤ ጠመዝማዛ ላይ ስለሚሄድ በፈለጉት ነጥብ ላይ ሊያቆሙት ይችላሉ። እንደ ዩሬካ ሚኞን ያሉ የቤት መፍጫዎች ይህን ሁለተኛውን ይከተላሉ። እርከን የሌለው ለኤስፕሬሶ ነጻነት ይሰጣል፤ ድክመቱ ከኤስፕሬሶ ወደ ሌላ አፈላል ሄዶ መመለስ አስቸጋሪ መሆኑ ነው፤ የነበሩበትን ነጥብ በዓይን ከማስታወስ በቀር ሌላ ምልክት ላይኖር ይችላል። ባለ እርከኑም ቢሆን እርከኖቹ ጥቃቅን እስከሆኑ ድረስ በምንም አያንስም።

ከጠቅላላው የእርከን ብዛት ይልቅ መታየት ያለበት የአንዱ እርከን ስፋት ነው። ባራትዛ ኢንኮር ኢኤስፒ የተባለው መፍጫ 40 እርከኖች አሉት፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ 20 ለኤስፕሬሶ ተብለው ጥቃቅን ሲደረጉ የቀሩት 20 ሰፋ ያሉ ናቸው። ያው 40 እርከን በእኩል ተከፋፍሎ ከሻካራው እስከ ደቃቁ ቢዘረጋ ለኤስፕሬሶ የሚደርሰው ጥቂት ብቻ ይሆን ነበር። ከእጅ መፍጫዎች መካከል ኮማንዳንቴ ሲ40 በአንድ እርከን ጥርሱን 30 ማይክሮን ያህል ያንቀሳቅሳል፤ ይህን በግማሽ የሚያሳንስ ተጨማሪ ክፍልም ለብቻው ይሸጥለታል። የዋን ዚፕሬሶው ጄ ማክስ ደግሞ በአንድ እርከን 8.8 ማይክሮን ብቻ ይንቀሳቀሳል። እነዚህ ቁጥሮች የሚገልጹት ጥርሱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚጓዘውን ርቀት እንደሆነ ያስተውሉ። በሾጣጣ ጥርስ (በቀለበት ውስጥ በሚዞር ሾጣጣ ብረት) ላይ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት የሚለወጠው ከዚያ ባነሰ መጠን ነው፤ በጠፍጣፋ ጥርስ (ፊት ለፊት በተጋጠሙ ሁለት ዲስኮች) ላይ ግን ጉዞውና የክፍተቱ ለውጥ እኩል ናቸው። ስለዚህ የሾጣጣውን ቁጥር ከጠፍጣፋው ቁጥር ጋር በቀጥታ ማወዳደር ያሳስታል። ሾጣጣን ከሾጣጣ ጋር ሲያወዳድሩ 15 ማይክሮንና ከዚያ በታች የሆነው ለኤስፕሬሶ ምቹ ነው፤ 30 የሆነው ይሠራል፣ ነገር ግን አልፎ አልፎ በሁለት እርከን መካከል የቡናውን መጠን በግማሽ ግራም እየቀያየሩ ማካካስ ያስፈልጋል።

በሽያጭ ቦታ መሞከር የሚቻል ከሆነ፣ ወይም የሚያውቁት ሰው ያንኑ መፍጫ ካለው፣ ሙከራው ቀላል ነው። 18 ግራም ፈጭተው ጊዜውን ይያዙ፤ ከዚያ አንድ እርከን ብቻ ወደ ደቃቁ አዙረው በዚያው ቡና ይድገሙት። የጊዜው ልዩነት ከ2 እስከ 4 ሰከንድ ከሆነ መፍጫው የሚታዘዝ ነው። ከ10 ሰከንድ በላይ ከሆነ ሌላው ባሕርይው የቱንም ያህል ቢያምር እንዲገዙት አልመክርም።

ወደነበረበት መመለስ

ጥቃቅን እርከን ብቻውን አይበቃም፤ መፍጫው የተባለበት ቦታ ላይ መቆየት አለበት። ጥርሱን የተሸከመው ዘንግ የሚናጋ ከሆነ፣ ቀለበቱ ባይነካም በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ቡናው በገፋው ቁጥር ይለዋወጣል፤ ከአንድ ወገን ጠባብ ከሌላው ወገን ሰፊ ሆኖ ሽርክቱንና ብናኙን አንድ ላይ ያወጣዋል። ውሃ ደግሞ በቀለለው መንገድ መሄድ ይወዳል፤ ያልተስተካከለ ቡና ውስጥ ቀጭን ቦይ ከፍቶ በዚያ በኩል ይሮጣል፣ የቀረውን ቡና ሳይነካው ያልፋል። ያን ጊዜ አንዱ ስኒ በአንድ ጊዜ ኮምጣጣም መራራም ይሆናል፤ ማስተካከያውን ወደየትም ቢያዞሩት አይድንም።

በእጅ መፍጫ ላይ ይህን ለመመርመር መዘወሪያውን ነቅለው የዘንጉን ጫፍ በጣትዎ ወደ ጎንና ወደ ጎን ይግፉት። የሚሰማ እንቅስቃሴ ካለ ይተዉት። ዘንጉ ከላይና ከታች በሁለት ኩሽኔታ የተያዘ መሆኑን ይጠይቁ፤ በፕላስቲክ ቀለበት ብቻ የተደገፈ ዘንግ ለኤስፕሬሶ በሚፈለገው ጠባብ ክፍተት ላይ አይረጋም። በኤሌክትሪክ መፍጫ ላይ ዘንጉን መንካት ስለማይቻል በሥራው ይፈትኑት፦ የደረሱበትን ቁጥር ይጻፉ፣ ቀለበቱን እስከ ሻካራው ድረስ ያዙሩት፣ መልሰው ወደዚያው ቁጥር ያምጡት፣ ጥቂት ግራም ፈጭተው ይጣሉና 18 ግራም ይፍጩ። ከቀድሞው ጊዜ በ3 ሰከንድ ውስጥ ካረፈ መፍጫው እምነት የሚጣልበት ነው። ማስተካከያው ላይ ጽሑፍ ወይም ምልክት ከሌለ በቀጭን ቀለም ራስዎ ሊያደርጉለት ይችላሉ።

በእጅ ወይስ በኤሌክትሪክ?

በተመሳሳይ ገንዘብ የእጅ መፍጫ ሁልጊዜ ሊባል በሚችል ደረጃ የተሻለ ጥርስና የተሻለ ዘንግ ይሰጣል፤ ገንዘቡ በሞተርና በሽፋን ላይ ስላልጠፋ ነው። ገንዘባቸው ውስን ሆኖ ኤስፕሬሶ በእውነት ለማፍላት ለሚፈልጉ ሰዎች መጀመሪያ የምጠቁመው እሱን ነው። ነገር ግን ሥራውን አስቀድመው ይወቁት። 18 ግራም ቡና ለኤስፕሬሶ አድቅቆ ለመፍጨት ጥሩ የእጅ መፍጫ አንድ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ጠቆር ተደርጎ የተቆላ ቡና ስለሚሰባበር በቀላሉ ይዞራል፤ ለስለስ ተደርጎ የተቆላው ግን ፍሬው ጠንካራ ነው፣ ክንድ ይይዛል፣ አንዳንዴም መፍጫውን አጥብቀው እንዲይዙ ያስገድዳል። በቀን አንድ ወይም ሁለት ስኒ ለሚያፈላ ሰው ይህ ሸክም አይደለም። ለአራት ሰው የሚያፈላ፣ የእጅ አንጓው የሚያመው ወይም ማለዳ የሚቸኩል ሰው ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሰለቸዋል፤ የተሰለቸ መፍጫ ደግሞ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። የመፍጫውን ወርድም በእጅዎ ይዘው ይለኩት፤ መዳፍዎ ዙሪያውን ካልጨበጠው አቋሙን ጠብቆ መያዝ አይቻልም።

ኤሌክትሪክ ከመረጡ ለኤስፕሬሶ የሚበቃ ሞተር መሆኑን በለስላሳው ቁሌት ይፈትኑት። ጠንካራ ፍሬ ሲገባ የሚቃትት ወይም የሚቆም ሞተር ዕድሜው አጭር ነው። የቮልቴጁን ነገር ሳይመለከቱ ከሌላ አገር ማስመጣትም ብዙዎችን ጎድቷል፤ ለ110 ወይም ለ120 ቮልት የተሠራ መፍጫ በ220 ቮልት ላይ ከተሰካ ወዲያውኑ ይቃጠላል።

ውስጡ የሚቀረው ቡና

ማንኛውም መፍጫ የተፈጨውን ሁሉ አያወጣም፤ በጥርሶቹ ዙሪያና በመውጫው ቱቦ ውስጥ የተወሰነ ቡና ይቀራል። መፍጫው 3 ግራም የሚያስቀር ከሆነ ዛሬ ማለዳ በወንፊትዎ ውስጥ ካለው 18 ግራም አንድ ስድስተኛው ትናንት የተፈጨ ነው። የተፈጨ ቡና ደግሞ መዓዛውን በደቂቃዎች ውስጥ ማጣት ይጀምራል። ከዚህ የሚብሰው ልኩን በሚቀይሩ ጊዜ ነው፤ አንድ እርከን ወደ ደቃቁ አዙረው ሲፈጩ በመጀመሪያ የሚወጣው በቀድሞው ልክ የተፈጨው ቅሪት ስለሆነ ማስተካከያው ያልሠራ ይመስላል። ብዙ ጀማሪ በዚህ ተታልሎ አንድ እርከን ይጨምራል፣ ከዚያም ማሽኑ ይዘጋበታል።

18 ግራም ገብቶ 18 ግራም መውጣቱ መፍጫው ምንም እንደማያስቀር አያረጋግጥም፤ የድሮው እየወጣ አዲሱ በቦታው እየተተካ ሊሆን ይችላልና። እውነቱን ለማወቅ መፍጫውን ፈትተው በብሩሽ በደንብ ያጽዱት፣ መዝነው 18 ግራም ያስገቡ፣ የወጣውንም ይመዝኑ። 17.8 ከወጣ እጅግ ጥሩ ነው። 15 ወይም 16 ከወጣ በእያንዳንዱ የልክ ለውጥ ጊዜ የቀረውን ያህል ቡና ፈጭተው መጣል እንዳለብዎ ይቁጠሩት።

የቤት ተጠቃሚ ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው ለአንድ ስኒ የሚሆነውን ብቻ መዝኖ እያስገባ ስለሆነ፣ ከላይ ትልቅ የቡና ማጠራቀሚያ ያለው መፍጫ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። እንዲያውም ማጠራቀሚያው በፍሬ ተሞልቶ ሲሠራ ታስቦ የተሠራ መፍጫ፣ ጥቂት ፍሬ ብቻ ሲገባበት የላይኛው ክብደት ስለሚጎድል ፍሬዎቹ በጥርሱ ላይ ይዘላሉ፤ አፈጫጨቱም ይለወጣል። ኒሽ ዜሮን የመሰሉ መፍጫዎች ከመጀመሪያው ለአንድ ጊዜ መጠን ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ አንድ ዓይነት ቡና ብቻ የሚጠቀምና በየቀኑ ብዙ ስኒ የሚያፈላ ቤተሰብ ግን ባለ ማጠራቀሚያውን ቢመርጥ አልቃወምም።

ቅሪቱን የሚያባብሰው አንዱ ነገር በፍትጊያ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ነው። ቡናው ሲፈጭ ይህን ኤሌክትሪክ ይይዝና በመውጫው፣ በኩባያው ግድግዳ፣ በጠረጴዛው ላይ ሁሉ ይለጠፋል። መፍትሔው አንዲት ጠብታ ውሃ ናት። የማንኪያ እጀታ በውሃ ነክረው ፍሬዎቹን ያማስሉ ወይም አንዴ በስሱ ይርጩባቸው፣ ከዚያ ይፍጩ። በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተሙት ጥናት፣ ውሃው ኤሌክትሪኩን እንደሚቀንስና ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ እንደሚያደርግ፣ ከዚያም የተነሣ ከዚያው ቡና ጠንከር ያለ መጠጥ እንደሚወጣ አሳይተዋል። ስለዚህ ቡና የሚበትን መፍጫ በዚህ ጥፋት ብቻ አይጣል።

የጥርሱ ቅርጽና ስፋት

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚደረገው ክርክር ከሚገባው በላይ ነው። ሾጣጣ ጥርስ አንድ ሾጣጣ ብረት በቀለበት ውስጥ ሲዞር የሚፈጭ ነው፤ ጠፍጣፋው ሁለት ዲስኮች ፊት ለፊት ተጋጥመው አንዱ ሲዞር የሚፈጭ ነው። ከሾጣጣው የሚወጣው ኤስፕሬሶ አፍ የሚሞላና ወፈር ያለ፣ ከጠፍጣፋው የሚወጣው ደግሞ ጣዕሞቹ ተለይተው የሚታወቁበት ይሆናል ይባላል። በጥቅሉ ሲታይ እውነትነት አለው። ነገር ግን የጥርሱ አቆራረጥና የአገጣጠሙ ቀጥተኛነት ከቅርጹ ይበልጣሉ፤ በደንብ ያልተገጣጠመ ጠፍጣፋ ጥርስ በደንብ ከተገጣጠመ ሾጣጣ ያነሰ ነው። ጠቆር ያለ ቁሌት የሚወዱና በወተት የሚጠጡ ከሆነ በሾጣጣው ይረካሉ። ለስለስ ያለ ቁሌት ያለ ወተት የሚጠጡ ከሆነ ጠፍጣፋውን ማሰብ ይገባል።

ስለ ስፋቱ ማወቅ ያለብዎ፣ የእጅ መፍጫዎች ሾጣጣ ጥርስ በአብዛኛው ከ38 እስከ 48 ሚሊ ሜትር፣ የቤት ኤሌክትሪክ መፍጫዎች ጠፍጣፋ ጥርስ ከ50 እስከ 64 ሚሊ ሜትር መሆኑን ነው። ሰፋ ያለ ጥርስ ቶሎ ይፈጫል፤ 64 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ በሌሎች አምራቾች ጥርስ ሊተካ ስለሚችል ወደፊት ጣዕሙን ለመቀየር ለሚፈልግ ሰው በር ይከፍታል። ለሁለት ስኒ ግን የፍጥነቱ ጥቅም ጥቂት ሰከንድ ነው። በዝግታ የሚዞር ሞተር ቡናውን አያቃጥልም የሚለው ማስታወቂያም ያለማቋረጥ ለሚፈጭ ቡና ቤት እንጂ 18 ግራም ፈጭቶ ለሚያቆም ሰው ብዙ ትርጉም የለውም። ስለ ብረቱ ግን አስተያየቴ ቁርጥ ነው፤ ለኤስፕሬሶ የሴራሚክ ሳይሆን የብረት ጥርስ ይምረጡ። ሴራሚክ ጥርስ አይዝግም፣ ሆኖም በአብዛኛው የሚገጠመው በርካሽና በሚናጋ የእጅ መፍጫ ላይ ነው፤ ከፍሬው ጋር የገባች ጠጠርም ልትሰነጥቀው ትችላለች።

የድምፅ፣ የቁመትና የመልክ ጉዳይ የየሰው ነው። በጊዜ የሚቆም ወይም በሚዛን የሚቆም መፍጫ ምቾት ይጨምራል እንጂ ኤስፕሬሶውን አያሻሽልም፤ እስከ 0.1 ግራም የሚለካ ትንሽ ሚዛን ለብቻው መግዛት ይበቃል።

ያገለገለ መፍጫ መግዛትም ጥሩ መንገድ ነው፤ ጥርስ ሊተካ የሚችል ዕቃ ነውና። በቀን ሁለት ጊዜ 18 ግራም የሚፈጭ ቤት በዓመት የሚያሳልፈው 13 ኪሎ ግራም ያህል ቡና ብቻ ነው፤ ጥሩ የብረት ጥርስ በመቶዎች ለሚቆጠር ኪሎ ስለሚያገለግል በቤት የቆየ መፍጫ ብዙ ዕድሜ ይቀረዋል። ከቡና ቤት የወጣ ከሆነ ግን ጥርሱን አስፈትተው ጠርዙን በጥፍርዎ ይዳስሱት፤ ጥፍር የማይፍቅና የደነዘዘ ከሆነ የአዲስ ጥርስ ዋጋ በሒሳቡ ውስጥ ይግባ። መለዋወጫው ዛሬም የሚመረት መሆኑን ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይክፈሉ።

ከተገዛ በኋላ

መጀመሪያ ባዶውን መፍጫ ወደ ደቃቁ እያዞሩ ጥርሶቹ የሚነካኩበትን ነጥብ ያግኙ። በእጅ መፍጫ ላይ መዘወሪያው ይከብዳል፤ በኤሌክትሪኩ ላይ ቀጭን የመፋጨት ድምፅ ይሰማል። ድምፁ በተሰማበት ቅጽበት ወደ ሻካራው ይመልሱትና ያንን ቁጥር መነሻ አድርገው ይጻፉት። ከዚያ ወዲህ በኤሌክትሪክ መፍጫ ላይ ወደ ደቃቁ የሚያዞሩት ሞተሩ እየሠራ ብቻ ይሁን፤ ቆሞ ሳለ ከተዞረ በጥርሶቹ መካከል የቀረው ቡና ተጨቁኖ ይይዘዋል።

ልኩን ሲፈልጉ የቡናውን መጠን በ18 ግራም፣ የመጠጡን ክብደት በ36 ግራም አጽንተው አፈጫጨቱን ብቻ ይቀይሩ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከቀየሩ የትኛው እንደሠራ ማወቅ አይቻልም። ቡናው ከተቆላ አንድ ሳምንት ያህል ቢያልፈው ይሻላል፤ ገና ትኩስ ሲሆን ውስጡ ያለው ጋዝ ውሃውን እየገፋ ጊዜውን ያዛባል። እየደቀቀ በሄደ ቁጥር ጊዜው ማርዘሙን ትቶ መዘበራረቅ ከጀመረ፣ ማለትም አንዱ 35 ሌላው 24 ሰከንድ ከሆነ፣ ወደ ሻካራው ይመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የሒሳብና የሙከራ ጥናት እንዳሳየው ከመጠን በላይ የደቀቀ ቡና በከፊል ስለሚደፈን ውሃው ሁሉንም እኩል አይነካውም፤ ስለዚህ የሚወጣው ጣዕም ይቀንሳል፣ ከስኒ ወደ ስኒም ይለያያል።

በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ጥርሱን በደረቅ ብሩሽ ያጽዱት። የብረት ጥርስ በውሃ አይታጠብም፤ ይዝጋል። ጥሬ ሩዝ እየፈጩ ማጽዳት የተለመደ ምክር ቢሆንም ብዙ አምራቾች ይከለክሉታል፤ ለቡና የተሠራውን ሞተር ያስጨንቃል። አዲስ ጥርስ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ጠርዙ ገና ስላልለሰለሰ፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎዎች እስኪያልፉ ድረስ ልኩ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል፤ በአንድ ቡና ላይ 27 ሰከንድ የሰጠዎ ቁጥር ከወር በኋላ 23 ቢሰጥዎ መፍጫው ተበላሸ ብለው አይደንግጡ፣ አንድ እርከን ወደ ደቃቁ ያዙሩትና አዲሱን ቁጥር ከቀኑ ጋር ይጻፉት።